የማማ ኛሩዎት ሁለት ፎቶዎች

በ2015 ዓ.ም. በጋ፣ የጋምቤላ ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ በሚግልበት በመጋቢት ወር፣ የዌብሳይት ፎቶ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከዚያ በፊት ጸሐፊ ነበርኩ። ልጆቼን የማሳድገው ብቻዬን ነው። ሥራው ሲገኝ አምላኬን አመስግኜ ገባሁ።

ቢሮው ከባሮ ድልድይ ብዙም የማይርቅ አንድ ክፍል ነበር፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ቬንቲሌተር። ድርጅታችን ትንሽ ነው። ከጦርነት ሲሸሹ የተለያዩ ዘመዳሞች እንዲገናኙ ይረዳል። ኃላፊዬ አቶ ቾል ሥራ አስኪያጅም፣ ሾፌርም፣ ፎቶ አንሺም ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አጭር ነበር። አቶ ቾል ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙረው፣ "ማን ጋትሉዋክ፣ ይህ ኮንትሮል ፓነል ይባላል" አሉኝ። ማን በኑዌርኛ እናት ማለት ነው። ጋትሉዋክ የበኩር ልጄ ነው፤ በእኛ ደንብ ሴት በልጇ ስም ትጠራለች።

"ዌብሳይታችን ያለው ሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ፣ በተከራየነው ቦታ ነው" አሉ። "ይህ በሩ ነው። ቁልፉን ላንቺ ሰጥቻለሁ።"

"እሺ። ከገባሁ በኋላስ?"

"ከገባሽ በኋላ ያለውን እኔም አላውቀውም" ብለው ሳቁ። "የሠራልን ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ስልክ ያነሳል፤ ግን 'እየነዳሁ ነው' ይላል። ሁልጊዜ ይነዳል።"

አቶ ቾል ከመጠለያ ጣቢያዎች ፎቶ አንስተው ይመጣሉ። እኔ ፎቶውን ወደ ላፕቶፑ፣ ከላፕቶፑ በኮንትሮል ፓነሉ በኩል ወደ ዌብሳይቱ እጭናለሁ። ከሥሩ የፈላጊውን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የመንደሩንም ስም እጽፋለሁ። የልጅ ፎቶ አንለጥፍም። አዋቂም ቢሆን ራሱ ጠይቆ የፈቀደ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ሳንጽፍ እናስቀራለን፤ የቤተሰቡን በሬ ስም። የኑዌር ወንድ ሲጎለምስ በሬ ይሰጠዋል፤ በበሬው ስም ይጠራል፣ ይዘፍንለታልም። ስሙን ቤተሰብ አይረሳውም። ስለዚህ "ዘመዷ ነኝ" ብሎ የሚደውል ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው።

አንድ ቀን አቶ ቾል ሥራውን ከሥሩ እንዳየው ብለው ኩሌ መጠለያ ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። ማማ ኛሩዎትን ያወቅኳቸው ያኔ ነው። ታናሽ ወንድማቸውን ጋትኩዎትን ይፈልጉ ነበር። ሲሸሹ አብረው ነበሩ። ወንዝ ዳር ተኩስ ተሰማ፣ ሰዉ ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህ አላዩትም። የአባታቸውን በሬ ስም በጆሮዬ ነገሩኝ።

ለእሁድ ጸሎት የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አዲስ ሸበጥ ተጫምተው ነበር የመጡት። አቶ ቾል ካሜራውን ሲያነሱ፣ "ልጄ፣ እግሬን እንዳትቆርጠው" አሏቸው። "ሰው ከጉልበቱ በታች ከሌለው፣ በምን መጣች ይላሉ?"

"አልቆርጥም፣ እናቴ። ሸበጡም ይገባል።"

"ሸበጡማ ይግባ እንጂ! ከጎረቤት የተዋስኩት ነው።"

በእኛ ዘንድ ፎቶ እንዲህ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ፣ ከራስ እስከ እግሩ ይነሳል። መቁረጥ ንቀት ነው። አቶ ቾል ደግሞ ካሜራው የቻለውን ያህል ትልቅ አድርገው ያነሳሉ። "ትልቅ ሰው በትንሽ ፎቶ አይነሳም" ይሉ ነበር።

ስንለያይ ማማ ኛሩዎት እጄን ያዙ። "እኔ ጸሎቴን አላቆምኩም" አሉኝ። "አንቺም ሥራሽን አታቁሚ።"

ፎቶዎቹ ግን ከበዱ። ከጀዊም ከኢታንግም መጠለያዎች ሰዎች ይደውላሉ፤ "ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፈትም።" በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጭራሽ ዌብሳይቱ የለም። በፎቶዎቹ ፋንታ ነጭ ገጽ ብቻ ነበር። ኮንትሮል ፓነሉን ስከፍት፣ የተከራያችሁት ቦታ ሞልቷል ይላል።

አቶ ቾል ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "ለተጨማሪ ቦታ ገንዘብ እንዲፈቀድልን ብንጠይቅ መልሱ ሳይመጣ ክረምት ይገባል" አሉ። "ክረምት ከገባ ወደ ኩሌ የሚወስደው የኢታንግ መንገድ ይጨቀያል። ፎቶ አትመን ይዘን መዞር አንችልም። የሚቀረን ዌብሳይቱ ብቻ ነው። የቆዩትን ሰርዢ።"

"ማንን ልሰርዝ?"

ስም መጥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ስም ላይ ቆሙ። "እስከ ዓርብ ሌላ መንገድ ፈልጊ" አሉኝ።

ጸለይኩ። ከዚያ ኮንትሮል ፓነሉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመርኩ። ከኢሜይሉና ከይለፍ ቃሉ ምልክቶች መካከል የፎቶ ምልክት አገኘሁ። በውስጡ ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ። አንዱ ትንንሽ ቅጂ ያወጣል፣ አንዱ መጠን ይቀይራል፣ አንዱ የፋይሉን ዓይነት ይቀይራል። ያለንበት ቦታ ሞልቶ መፍትሔው እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ምንም ከመንካቴ በፊት ዋናዎቹን ፎቶዎች በሙሉ ወደ ላፕቶፑ አወረድኩ። ሌላ ቅጂ በፍላሽ አስቀመጥኩ። ይህ ከጸሐፊነት የያዝኩት ልማድ ነው።

ለሙከራ የመረጥኩት የአቶ ቾልን የራሳቸውን ፎቶ ነው። ቁመቱን ቀነስኩ፤ ስፋቱን ረሳሁት። አቶ ቾል ከኋላዬ መጥተው አዩት።

"ይሄ ሰፊ ሰውዬ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ጥሩ ነው። ደመወዝ ቢጨመርልኝ እንደዚህ ነበር የምሆነው።"

ቁመትና ስፋት አብረው የሚቀንሱበትን ሳጥን ምልክት አድርጌ እንደገና ሞከርኩ። አሁን ሰውየው ራሳቸው ሆኑ። ፋይሉ ግን እንደ ላባ ቀለለ። መሣሪያው የሚቀንሰው አንድ በአንድ ነው። አንዱን መርጬ መጠኑን እጽፋለሁ፣ አየዋለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። መብራት ሲጠፋ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ዓርብ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ቦታ ተለቆ ነበር። ማንም አልተሰረዘም።

አቶ ቾል ገጹን በስልካቸው ነኩት። ወዲያው ተከፈተ። "ሃሌሉያ!" ብለው ጮኹ፤ የጎረቤት ፋርማሲ ሠራተኛ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች።

ደስታችን ሰኞ ላይ ቆመ። የደወሉት ጀዊ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ኑሩ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ስልክ ቻርጅ ያደርጋሉ፤ ስልኩ እስኪሞላ ለሚጠብቅ ሁሉ የእኛን ገጽ ያሳያሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

"እህቴ፣ ገጹ ተከፍቷል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ። "ግን ሰዎቹ ማን ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ፊታቸው የምስር ፍሬ አክሏል። ሸበጣቸው ግን ጥሩ ነው።"

"በጣትዎ ቢያሰፉትስ?"

"ሲሰፋ ጭጋግ ይሆናል።"

ስልኩን ዘግቼ ራሴ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ከራስ እስከ እግር የቆመ ሰው በትንሽ ፎቶ ውስጥ ሲገባ ለፊቱ የሚተርፈው ቦታ በጣም ጥቂት ነው። መሣሪያው ደግሞ ይቀንሳል እንጂ አይቆርጥም። ቢቆርጥስ? እንዳይቆረጡ የለመኑ ሰዎች ናቸው።

"እንደገና ፊታቸውን ብቻ ማንሳት አለብን" አልኳቸው ለአቶ ቾል።

"ሽማግሌዎቹ ይቀየሙኛል፣ ማን ጋትሉዋክ።"

"የመጀመሪያውን ከገጹ አናጠፋባቸውም። ሁለተኛ እንጨምርላቸው። አንዱ ለክብር፣ አንዱ ለመታወቅ።"

ቃሉን ለብቻቸው ደገሙት። "ይህን አንቺ ንገሪያቸው" አሉ። "እኔ ካሜራዬን ይዤ ከኋላሽ እቆማለሁ።"

ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ተነሳን። ሰማዩ በኢታንግ በኩል ጠቁሮ ነበር። ኩሌ ስንደርስ በመጀመሪያ ማማ ኛሩዎትን አስጠራን። ሰዉ ከበበን።

"ፊቴን ብቻ?" አሉ ማማ።

"ፊትዎን ብቻ። የሚያይዎት ሰው በስልኩ ላይ ፊትዎን ሲነካው ሙሉው ፎቶ ይመጣል።"

"ሸበጡን መልሼዋለሁ እኮ።"

"አያስፈልግም፣ እናቴ። የቀድሞው አለ።"

ብዙ አሰቡ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማማ እምቢ ካሉ ሁሉም እምቢ እንደሚል አውቄ ነበር፤ በልቤ መጸለይ ጀመርኩ።

"ወንድሜ ፊቴን አይቶ ካወቀኝ" አሉ በመጨረሻ፣ "እግሬን መጥቶ ያየዋል።" ከዚያ የፕላስቲኩን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን የጠረጉት ሽማግሌ ሁለተኛ ሆነው ተሰለፉ።

ቢሮ ተመልሼ ፊቶቹን ከፊት፣ ሙሉዎቹን ከኋላ አደረግሁ። መጀመሪያ አዲሱን ፎቶ በአሮጌው ፋይል ስም ጫንኩት፤ ስልኮቹ አሮጌውን ደብቀው ይዘው ኖሮ እሱኑ ማሳየት ቀጠሉ። ለሁሉም አዲስ የፋይል ስም ሰጠሁ። ከዚያ የማማ ኛሩዎት ግንባር፣ ዓይንና ፈገግታ በትንሿ የእኔ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ።

ክረምቱ ገባ። የኢታንግ መንገድ እንደተፈራው ሆነ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው።

"እህቴ፣ ኑሩ ነኝ። እዚህ አንድ ሰውዬ ስልኬን ይዞ አልመልስም ብሎኛል።"

"ሌባ ነው?"

"ኧረ የምን ሌባ! ገጹን ከፍቶ ቆሟል። አይናገር፣ አይቀመጥ። በሌላ ደንበኛ ስልክ ነው የምደውልልሽ።"

"እባክዎ ያገናኙኝ።"

ሰውየው በኑዌርኛ፣ "ይህች እህቴ ናት" አለኝ።

"ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ። የአባታችሁ በሬ ስም ማን ነበር?"

ስሙን ተናገረ፤ ተናግሮም አላቆመም፣ የዘፈኑን መጀመሪያ አከለበት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የእነሱ ነው።

አቶ ቾል ፊቴን አይተው ገባቸው። ቁልፋቸውን አንስተው ወደ መኪናው ሮጡ፤ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። ትንሽ ቆይተው ረጥበው ተመለሱ። "ለካ ወደ ኩሌ መንገድ የለም" አሉ።

በስልክ አገናኘናቸው። ማማ ኛሩዎት ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቃላቸው ግን "አገባህ?" የሚል ነበር።

"አግብቻለሁ። ሴት ልጅ አለችኝ።"

"ስሟ ማን ነው?"

"ኛሩዎት።"

ከኩሌ በኩል የመጣው እልልታ ስልኩን አስጮኸው። አቶ ቾል ቬንቲሌተሩን አጠፉ፤ የበለጠ ለመስማት።

ይህን ሥራ ለሚጀምሩ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ዋናውን ፎቶ ሌላ ቦታ ሳታስቀምጡ አትቀንሱ። ቁመትና ስፋትን አታለያዩ። ገጹ መከፈቱ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ፣ የሚያየው ሰው የሚፈልገውን ማየቱ ነው። እሱን ደግሞ ኮንትሮል ፓነል አይነግራችሁም፤ ሰው ጠይቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ቢሮ ገባሁ። ኮንትሮል ፓነሉን ከፈትኩ። የማማ ኛሩዎትን ሁለት ፎቶዎች ከገጹ ላይ አነሳሁ፤ ከእንግዲህ የሚፈልጉት ሰው የለም። በተለቀቀው ቦታ ላይ ከጀዊ የመጣ የአንድ አባት ፎቶ ጫንኩ።