የመጥረቢያዋ ቀለም

የመጀመሪያ ቢላዋዬ ጠመመች። ሁለተኛዋ ግላ ውኃ ስትጠጣ ተሰነጠቀች። ሦስተኛዋ ግን በእርግጥ ቢላዋ መሰለች። አባቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ዳሰሳትና፣ «ይህቺ ቅቤ ትቆርጣለች፤ ቅቤውም ፀሐይ ላይ ከዋለ» አለኝ። እኔ ምን ገዶኝ! ይዣት ወጥቼ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየኋት።

አባቴ ጅማ ውስጥ፣ ቤታችን ጓሮ፣ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ገጀራና መጥረቢያ እየቀጠቀጠ ለቡና ገበሬዎች ይሠራል። ወናፍ ይነፋ የነበረው ወንድሜ ለውትድርና ከሄደ ወዲህ ወናፉ ለእኔ ለሴቷ ልጅ ደረሰኝ፤ ቀስ በቀስም መዶሻው። የአባቴ ክንድ ደህና ነው። ብረቱ በደንብ መመታቱን በድምፁ ያውቃል። ዓይኑን ግን ያ ሁሉ ዓመት የእሳት ወላፈን ጋርዶታል፤ ቀለም አይለይም። በእኛ ሥራ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀለም ነው።

ስለት ያለው ብረት ግሎ ውኃ ከጠጣ በኋላ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን እንደገና በመጠኑ ይሞቃል። ያን ጊዜ በተወለወለው ጎኑ ላይ ቀለም መሄድ ይጀምራል፤ መጀመሪያ እንደ ገለባ፣ ቀጥሎ እንደተቆላ ገብስ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። መጥረቢያ ከሆነ ወይን ጠጁ ብቅ ሲል ወዲያው ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። ሰማያዊው ካለፈ ብረቱ ይለሰልሳል። ቀለሙ የሚቆየው ሁለት ትንፋሽ ያህል ነው፤ አይቼ «አሁን!» የምለው እኔ ነኝ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ እኔ የቀጠቀጥኳት የመጀመሪያዋ ትንሽ መጥረቢያ ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ለመጡ አንዲት እናት ነበረች። ቡናቸው አርጅቶባቸዋል። እስከ ጉልበት ድረስ ከተቆረጠ እንደገና ያቆጠቁጣል ብለው የእርሻ ባለሙያዎች መክረዋቸዋል። ንጹሕ አድርጎ የሚቆርጥ ነገር ፈለጉ፤ ጉቶው ከተሰነጠቀ ዝናብ ገብቶ ያበሰብሰዋልና።

ያን ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ሄጄ ለመሠረተ ትምህርት የመጡ አዋቂዎችን ፊደል ሳስቆጥር ቆየሁ። ከዚያ ወናፍ፣ ከዚያ መዶሻ። ጉጠቱን ይዤ ቀለሙን ስጠብቅ ዓይኔ ተከፍቶ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ። ብንን ስል ሰማያዊው ስለቱን አልፎ ወደ ግራጫ እየሄደ ነው።

«ደረሰ?» አለ አባቴ።

«አሁን!» አልኩና ውኃ ውስጥ ነከርኳት።

በማግስቱ ስስላት ሞረዱ ብረቷን ነከሳት። ደህና ስለት ሞረድ ያንሸራትታል እንጂ አያስነክስም።

«ይነክሳል ወይስ ይንሸራተታል?» አለ አባቴ ከወዲያ።

እንደገና ከሰል፣ እንደገና ወናፍ፣ እንደገና ቆሞ መጠበቅ። ገና ሳስበው ትከሻዬ ወረደ።

«ይንሸራተታል» አልኩት።

ሴትዮዋ መጥተው መርቀውን ወሰዷት። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ግን ሌሎች ሁለት ገበሬዎች ተራ ሲጠብቁ ሴትዮዋ ከበሩ ጀምረው እየጮኹ ገቡ።

«ኤጋ፣ በል እንግዲህ ዓይንህን ግለጥና እይ! መጥረቢያህ ከንፈሯን ጣለች! ሦስት እግር ቡና ቆረጥኩባት። ቆረጥኩ ልበል፣ አኘከቻቸው እንጂ!»

አባቴ በአውራ ጣቱ የታጠፈውን ስለት ዳሰሰ። ጣቱ ስለቱ ላይ አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ወደ እኔ አልዞረም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ። ዓይኔ ነው። እስከ ዛሬ በሰው ዓይን ስታገል ቆየሁ፤ ከእንግዲህ መጥረቢያ አልሠራም።»

«አይ እንግዲህ፣ ወላሂ እንዲህስ አላልኩም» አሉ፤ ደነገጡ። አባቴ የቆዳ ሽርጡን ከወገቡ ይፈታ ጀመር። ምን ልበል?

«አባዬ፣ ሰማያዊ ነበር። አልፎ ነበር፤ አይቼዋለሁ።»

እጁ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ሞረዱስ?»

«ነክሷታል።»

«ወይ ኢንተላ ኮ፣ ወይ ልጄ!» አሉ ሴትዮዋ። «ሦስት እግር ቡናዬን ለውሸትሽ?»

«ለምን?» አለ አባቴ።

«ደክሞኝ ነበር።»

«ዓይኔ መፍዘዙን ለምጄዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያላየሽውን አየሁ ካልሽኝ ግን ሁለት ጊዜ መታወር ነው። ደከመኝ ማለት ምን ያስቸግራል?» ወደ እኔ ዞረና፣ «አሁንስ?» አለ።

«አሁንስ ምን?»

«አሁንስ ደክሞሻል?»

ሴትዮዋ አፌን አፌን ያያሉ። አልደከመኝም ብል እሳቱን አቀጣጥለን አሁኑኑ እንጀምራለን፤ እሳቸውም ይዘዋት ይሄዳሉ።

«በጣም» አልኩ።

«እማማ፣ ዛሬ እሳት አናነድም። ሐሙስ ይምጡ።»

«ከየቡ ድረስ በእግሬ መጥቼ?» ብለው አፈጠጡበት፤ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። መጥረቢያዋን ከሰሉ አጠገብ ጣል አደረጉ። «እሺ፣ ሐሙስ ኢንሻአላህ። ሐሙስም ከደከማት ግን የቡ ድረስ እንዲሰማኝ ጮኻ ትናገር!»

አባቴ ሳቀ። ሐሙስ መጥረቢያ እንደሚሠራ ያወቅሁት ያኔ ነው። ባሌስትራው ክምር ላይ ተቀመጥኩና ሴትዮዋ በሩን ሳይወጡ እንቅልፌ መጣ።