«ተው!» ያልኩበት ማለዳ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሎረንስቪል ከተማ፣ አንድ የገበያ ማዕከል ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ስወርድ ሦስት ወፎች በራሴ ላይ አለፉ። «ዉድ ደክ» አልኩ ብቻዬን፤ የዳክዬ ዓይነት ነው። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ረጅም ጅራታቸውን አስከትለው ነበር የሚበሩት። ይህን እንድለይ ያደረጉኝ አማቴ ጋሽ መኩሪያ ናቸው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደንዉዲ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ ከልጃቸው ከሄኖክ ጋርም ገና መተጫጨታችን ነው። ሄኖክ «አደራ፣ አባቴን አንተ እንዳትዪው» ብሎኛል። እንደ እኔ አሜሪካ ላደገ ሰው «እርስዎ» ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ እሳቸው ፊት ዝም ማለት አበዛሁ።

አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ጠሩኝና፣ «ዓይንሽ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ዳክዬ እናያለን።»

ኮንየርስን አልፈን ስንነዳ ምስጢራቸውን አወጡት። አዳኝ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል፤ የወፉን ቅርጽ እንጂ ዝርዝሩን አያዩም። «ሄኖክ ከሰማ ጠመንጃዬን ይወስድብኛል። የሚበረውን ሳያውቁ መተኮስ ደግሞ በሕግም በእግዚአብሔር ፊትም ጥፋት ነው።»

ብዙ ቅዳሜዎች ያለ ጠመንጃ ኩሬ ዳር፣ ፊላ ውስጥ ተቀመጥን። ሚስታቸው የቋጠሩልንን ጭኮ በማንኪያ እየቆረስን፣ ከፔርሙስ ሻይ እየጠጣን፣ እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፤ እሳቸው ስሙን ይነግሩኛል። ክንፉን በእርጋታ የሚመታው ግዙፉ ማላርድ ነው፤ «ባላባቱ» ይሉታል። ትንንሾቹ፣ አንድ ላይ የሚታጠፉት ቲል ናቸው። ከረግረጉ ብድግ ብሎ ግራ ቀኝ እየተጠማዘዘ የሚያመልጠው ባለ ረጅም ምንቁር ወፍ ደግሞ ስናይፕ ነው፤ እሱን ማደን ይፈቀዳል። እሱን የሚመስሉት ሌሎች ወፎች ግን በሕግ አይነኩም።

ጠመንጃ በያዝንበት የመጀመሪያ ቀን ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ከኩሬው ማዶ ምንቁራቸው የረዘመ አምስት ወፎች መጡ። ጋሽ መኩሪያ «ስናይፕ!» ብለው አነጣጠሩ። እኔ ግን ከጅራታቸው አልፎ የተዘረጋ ቢጫ እግር አየሁ።

«ተው! አትተኩስ!»

ጠመንጃው ወረደ። ወፎቹ እያፏጩ አለፉ። ፊቴ በእፍረት ጋለ፤ ሽማግሌውን፣ የሄኖክን አባት፣ አንተ ብያቸዋለሁ።

«ምን ነበሩ?» አሉ ቀስ ብለው።

«የሎውሌግስ፤ ባለ ቢጫ እግሮቹ፣ የማይነኩት። እግራቸው ከኋላ ይታያል... ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎን—»

ሳቃቸው ፊላውን አናወጠው። «‹እባክዎ ጋሼ አይተኩሱ› እስክትዪ ድረስ እኮ ተኩሼ ነበር!»

በዚያው ሳምንት የዓይናቸውን ነገር ለሄኖክ ራሳቸው ነገሩት። ጠመንጃውን አልወሰደባቸውም፤ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው እንጂ። የዓይን ሞራ ነበር፤ ተገፈፈላቸው።

ዛሬ ከእኔ የበለጠ አሻግረው ያያሉ። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ አብረን እንሄዳለን፤ ወፍ ብቅ ባለ ቁጥር ግን ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ ወደ እኔ ዞር ይላሉ። ከእኔ ቀድመው እንደለዩት ዓይናቸው ያስታውቃል። ያም ሆኖ እስክናገር ይጠብቃሉ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ የማውቅበት ሌላ ቦታ የለም።