በር ከፍቶ መብላት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሕፃኗን ክርስትና ስታስነሣ ደሴ፣ ቤቷ ተጠርቼ ነበር። ዶሮው ቀርቦ ሰሃኔን ሊሞሉት ሲሉ እጄን ከለል አደረግሁበት። "አክስቴ፣ በሞቴ ይብሉ! ምነው፣ የኛ ቤት ምግብ ቀፈፈዎት?" አለችኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ "ስኳር አለባቸው መሰለኝ" ብለው በሹክሹክታ አዳኑኝ። ስኳር የለብኝም። ያለብኝ ነገር፣ ሆዳምነት ከሚባለው ስድብ በቀር፣ በአማርኛ ስም የተሰጠው አይመስለኝም።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ አሰብ ወደብ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ መቺ ነበርኩ። የአሰብን ሙቀት ላላየው ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ሥራ በማለዳ ይገባና ቀትር ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ከተማው በሙሉ ይተኛል። መንገዱ ጭር ይላል፣ ውሻ እንኳ ከጥላው አይወጣም። አብራኝ የምትኖረው እትዬ ዘነበች፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ በክሊኒክ ቁስል የምታሽግ ድሬሰር፣ በዚያ ሰዓት ተረኛ ስለነበረች ቤቱ የኔ ብቻ ነበር።

የምበላውም ያኔ ነው። በሩን ቀርቅሬ አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን እስባለሁ። ፉርኖ ዳቦ፣ ከየመን በጀልባ የሚመጣ ቴምር፣ የቆርቆሮ ማርማላታ፣ ከትናንት የተረፈ ፓስታ፣ ያገኘሁትን። ርቦኝ አይደለም። ጥቂት እንደጎረስኩ ጣዕሙ ይጠፋል፤ እጄ ግን አያቆምም። ሆዴ ተወጥሮ መተንፈስ ሲያቅተኝ ወለሉ ላይ ተጋድሜ አለቅሳለሁ። ከነገ ጀምሮ እጾማለሁ ብዬ እምላለሁ፤ ጾሙ እስከ ቀትር ያደርሰኝና እዚያው ካርቶኑ ላይ ይጥለኛል። ማታ እትዬ ዘነበች ገበታ አቅርባ "ነይ እንብላ" ስትለኝ "ብዪ፣ በልቻለሁ" እላለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የምትለዋ አባባል ጉሮሮዬ ላይ ትቆም ነበር፤ ዳቦውን ግን አላስቆመችውም።

ይባስ ብሎ ዓመቱ የድርቅ ዓመት ነበር። መርከቦቹ ስንዴ ያራግፋሉ፤ ተሳቢ መኪኖች ጭነው በሚሌ፣ በባቲ አድርገው ወደ ወሎ ይወጣሉ። እናቴም እዚያው ወሎ፣ ከወልድያ ወዲያ ነበረች። ወሬዋ ከጠፋ ቆይቷል። ስንዴው ሲጫን በመስኮት እያየሁ ስለሷ አስባለሁ፤ ባሰብኩ ቁጥር ቀትር ላይ የምበላው ይጨምራል። ራሴን ተጸየፍኩት።

አንድ ጠዋት፣ ስንዴ አድርሶ ባዶውን የተመለሰ ሾፌር ቢሮ ድረስ መጥቶ ስሜን ጠራ።

"እናትሽን ይዤልሽ መጥቻለሁ። የረሃብተኞቹ መጠለያ በር ላይ አግኝቻቸው፣ ልጄ አሰብ ናት ቢሉኝ ጥያቸው መሄድ አቃተኝ።"

ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠችው ሴት እማዬ መሆኗን ያወቅሁት በአንገቷ ንቅሳት ነው።

ቤት እንደገባን ያለኝን ሁሉ ፊቷ ዘረገፍኩት። እትዬ ዘነበች ደርሳ እጄን ያዘችኝ። "ልትገያት ነው እንዴ? የተራበ አንጀት እንዲህ አይሞላም። በትንሽ በትንሹ ነው።" አጥሚት አቅጥና በሻይ ብርጭቆ ሰጠቻት። እማዬ ብርጭቆውን ይዛ ሁለታችንንም አየችን።

"እናንተስ?"

"እኛ በልተናል፣ እማማ።"

"ታዲያ ብቻዬን ልጠጣ? ኧረ ወዲያ! ነውር አይደለም ወይ?"

ያን ሁሉ መከራ አይታ መጥታ ነውሩ አልጠፋባትም። ስለዚህ ለኔም በዚያው ልክ ተቀዳልኝ። እሷ ስትጎነጭ እጎነጫለሁ፣ ስታርፍ አርፋለሁ። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን አለቀ፤ ተነሣሁ። ሰው ፊት በልቼ በቃኝ ካልኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ማስታወስ አልቻልኩም።

ሰንብታ አቅም ስታገኝ ቤቱን ልጥረግ ብላ ካርቶኑን አገኘችው። ከሥራ ስመለስ አጠገቧ አስቀምጣው ጠበቀችኝ። ልዋሻት አሰብኩ፣ ግን አፌ እንቢ አለኝና ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ያስለመድኩሽ። በዚያኛው ክፉ ቀን፣ ልጅ ሳለሽ፣ የጎረቤት ልጆች እንዳያዩሽ ጓዳ ዘግቼብሽ ቆሎ አቀምስሽ ነበር። ቶሎ ብዪ፣ ሰው ሳይመጣ፣ እያልኩ።"

ያኔ የጓዳው ጨለማ ትዝ አለኝ፤ የቆሎው ጠረን፣ ከበሩ ውጪ የልጆቹ ድምፅ። ከነዚያ ልጆች ያደጉት ጥቂት ናቸው።

"ከዛሬ ወዲህ ይህ በር ቀትር ላይ አይዘጋም" አለች። ንዳዱ ፊታችንን እየገረፈን ደፉ አጠገብ ተቀምጠን ትንሽ ትንሽ እንበላለን፤ አላፊ ባየች ቁጥር "እንብላ!" ትላለች። በዚያ ሰዓት የሚያልፉት ዓሣቸውን ሽጠው ወደ ባሕሩ የሚመለሱ አንድ የአፋር ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ባረከላህ" ብለው ያልፋሉ። አንድ ቀን ግን ጎራ አሉና ከዳቦው ቆረሱ። የእማዬ ደስታ የደጋሽ ደስታ ነበር። እኔም ተሻለኝ፤ ካርቶኑ ባዶውን ከረመ።

የሷ አንጀት ግን አልተጠገነም። ሙቀቱም አልራራላትም። ብርጭቆው ወደ ግማሽ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ማንኪያ። በመጨረሻ እኔ ከንፈሯን ሳርስላት እሷ "አንቺ ብዪ" ትለኝ ነበር። የአሰብ አሸዋ ውስጥ ቀበርናት።

ጎረቤቱ እዝን ይዞ ጎረፈ። "እህል ቅመሺ፣ በሞቴ!" አሉኝ። ቀመስኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ከአንዱ ሰሃን ወደ ሌላው አለፍኩ፣ እንባዬ ከወጡ ጋር ተቀላቀለ። "እሰይ፣ በላች! ተመስገን!" አሉ ሴቶቹ፤ ጨመሩልኝ። አልፈርድባቸውም፤ ኀዘንተኛ እህል ሲቀምስ ማን ይከፋዋል? ነገሩን ከእማዬ የሰማችው እትዬ ዘነበች ብቻ ፊቷን አዞረች። በለቅሶ ቤት ከኀዘንተኛ እጅ ምግብ አይቀማም። ሲበተኑ፣ እሷም ወደ ክሊኒክ ተራዋ ስትሄድ፣ በሩን ቀርቅሬ የተረፈውን ጨረስኩት።

ዛሬ አሰብ ድንበር ማዶ ናት፤ የእማዬን መቃብር እንኳ ሄጄ አላይም። ድኜ ቢሆን ይህን ትዝታ በደስታ በጨረስኩት ነበር። አልዳንኩም። ወራት ደህና እሆናለሁ፤ ከዚያ አንድ ቀትር ይመጣል።

ከክርስትናው ስመለስ የወንድሜ ልጅ ድፎ ዳቦ በፌስታል አስያዘችኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ልቆልፍ ስል እጄ ቆመ። መልሼ ወለል አድርጌ ከፈትኩትና ዳቦውን ጭኔ ላይ አድርጌ ደፉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው ካለፈ "እንብላ" እላለሁ፤ ቆርሰን አብረን እንበላለን፤ በቃ፣ አመለጥኩ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሰው ያልፋል። የዚያን ዕለት ግን ማንም አላለፈም።