ጉድጓድ ያለው ቤት ፍለጋ

ሜልበርን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሴንት አልባንስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽመና የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰማሁ። "እዚህ አገር ደግሞ ሽመና ማን ይማራል?" ብዬ ባሌ ፊት ስቄ ነበር። ለማየት ብቻ ሄድኩና እዚያው ቀረሁ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው እኚህ ሰው ሙያውን ሽሮ ሜዳ ከአባታቸው ተምረው፣ በስደት ሱዳን ከርመው፣ እዚህ ስጋ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ትምህርት ቤታቸው ከተከራዩት ቤት ጓሮ ያለች የቆርቆሮ ሼድ ነበረች። ወለሏ አፈር ነው። መሃሏ ላይ አንድ ጉድጓድ ቆፍረዋል፤ ሸማኔው አፋፉ ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን ይረግጣል። ጉድጓዱ አንድ፣ ተማሪው ስድስት፤ ወንዶቹ በወረፋ ይገባሉ። ሦስታችን ሴቶች ግን ወረፋውም ውስጥ የለንም፤ ጥጥ እንፈትላለን፣ ድር እናዘጋጃለን።

"ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው የምገባው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። አባቴ ቤት ያየሁት ይሄንን ነው" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው እንደማለት ነው የተናገሩት።

ከዚያ ቤቱ ተሸጠና ጋሼ በሁለት ወር ውስጥ ልቀቁ ተባሉ። ለራሳቸው ልጃቸው ዘንድ ክፍል አላቸው። ትምህርት ቤቱ ግን መግቢያ አጣ።

ከተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ የምሻለው እኔ ስለነበርኩ ፍለጋው እኔ ላይ ወደቀ። ሜድስቶን ያለ አንድ አዳራሽ ቡክ አደረግሁና ከጋሼ ጋር ልናየው ሄድን። ያስጎበኘችን ሴትዮ ደግ ነበረች። ወንበሩን፣ ኩሽናውን፣ የእሳት ማጥፊያውን ሁሉ አሳየችንና "ሌላ የምትፈልጉት አለ?" አለች።

"ወለሉን ትንሽ መቆፈር ይቻላል?" አልኳት።

"ምን ያህል?"

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ጋሼ ከጎኔ ሆነው በአማርኛ፣ "ከዚያ በላይ ነው በያት፣ አትዋሺ" አሉኝ።

ሴትዮዋ በትሕትና ሸኘችን። ከእሷ በኋላ ያየናቸው ሦስት ቤቶችም እንዲሁ ሆኑ።

ከተማሪዎቹ አንዱ አናጢ ነበርና ጉድጓዱን የሚተካ ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ በራሱ ቤት ግቢ ሠራ። ጋሼ ወጥተው ሞከሩት። የሰሜኑ ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት የበጋ ቀን ነበር፤ ክሩ በየደቂቃው ይበጠሳል። አራት ጊዜ ቀጠሉትና ወረዱ።

"ምን ሆነ?" አልኳቸው።

"አፈር እርጥበት አለው፤ ክሩ ከሱ ይጠጣል። ጉድጓዱ ለእግር ብቻ መስሎሽ ነበር?"

በእርግጥም ለእግር ብቻ መስሎኝ ነበር። ሼዷ ስንመለስ ተንበርክኬ እጄን ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩ። ውጪው እንደዚያ እየነደደ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍለጋው የእኔም ሆነ።

ያኔ የምሠራው ላቨርተን ኖርዝ ያለ መጋዘን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እግሬን ላፍታታ ብዬ ስወጣ፣ የሚከራይ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አሮጌ ጋራዥ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁ። አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ወለሉ መሃል ላይ፣ መካኒኮች ከመኪና ሥር ሆነው የሚሠሩበት ረጅም ጉድጓድ አለ።

ባለቤቱ፣ አንድ የማልታ ሽማግሌ፣ ከጓዳ ወጣ። ዓይኔን ተከትሎ ጉድጓዱን ሲያይ ተጨነቀ።

"አታስቢ፣ በኮንክሪት አስደፍነዋለሁ። የመጣው ሁሉ እሱን እያየ ነው የሚሄደው።"

"እባክዎ እንዳይደፍኑት!" ብዬ ጮህኩ።

ቅዳሜ ጋሼን ይዣቸው መጣሁ። በጉድጓዱ ዳር ዳር ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ በእርምጃ ለኩት፤ አጎንብሰውም አሸተቱት። "ዘይት ይሸታል። ደግሞም በጣም ጠልቋል" አሉ። ቀና ብለውም፣ "ግን ጉድጓድ ነው" አሉ።

ሁለት ቅዳሜ በሳሙና ፈገፈግነው። አናጢው እግር እንዲደርስ ከውስጥ ከፍ ያለ የእንጨት ወለል አነጠፈለት፤ ሁለት ተጨማሪ የሽመና ዕቃም ሠራ። ሲሚንቶ እርጥበት ስለሌለው ጋሼ የራሰ ጆንያ ከታች ዘረጉበት፤ ክሩም እሺ አለ። የዘይቱ ሽታ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ጉድጓዱ ርዝመቱ መኪና የሚያህል ስለሆነ ሦስት ሸማኔ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ቀን ከወንዶቹ አንዱ ሺፍት ገብቶ፣ ሁለቱ ብቻ መጡ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ቀረ። እንዝርቴን ይዤ አየሁት። ጋሼም አዩት።

"ባዶ ነው" አልኩ።

"ዓይን አለኝ እኮ።" ጢማቸውን ዳሰሱ። "እንግዲህ ግቢ። አባቴ እንዲህ ያለ ጉድጓድም አላዩም።"

ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩና እግሬን ሰደድኩ። የግራና የቀኝ እግሬ ተራ ይምታታብኛል፤ መወርወሪያው ከእጄ እያመለጠ ሁለት ጊዜ ጉድጓድ ገባ። እስከ ማታ የሠራሁት ከመዳፍ አይበልጥም፤ ጠርዙም እንደ እባብ ተጣሟል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየዳሰሱ መረመሩት።

"ነጠላ ነው እንዳትዪኝ" አሉ።

"አልልም ጋሼ።"

"ጨርቅ ግን ነው። ቅዳሜ ቀደም ብለሽ ነይ።"