ተከራይቼ አልሰጥምም

ሸዋዓለም በሃምሳ አንድ ዓመቷ ባሕር ውስጥ ልትጠልቅ ስትነሳ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያላማት ሐበሻ የለም። እኔም አምቻታለሁ፣ አልዋሽም። እኔ ጌጤነሽ ነኝ። ከሷ ጋር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። እሷ ዝምተኛ ናት፣ እኔ አፈኛ።

በፈረንጆቹ 2000 ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስትመጣ ልጇ ሉሊት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባትየው አብሮ አልመጣም፤ እሷ አታነሳውም፣ እኔም አልጠይቅም። ሁለት ሥራ ይዛ ልጅቷን ያሳደገቻት በስልክ ነው ማለት ይቻላል። «በልተሻል? ቆልፈሻል?» ይኸው ነው። ሉሊት የቤት ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አደገች፣ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ገባች። ድልድዩ ካልተዘጋጋ አርባ ደቂቃ ነው። ልጅቷ ግን ብቅ የምትለው ለገናና ለፋሲካ ነበር፤ ያውም ስልኳን እያየች። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ምግቡ ያልቃል፣ ትሄዳለች።

የሉሊትን ቅዳሜና እሁድ የሚበላው ዳይቪንግ ነው፤ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ሥር መግባት። በ2013 ፋሲካ ሸዋዓለም «እዚያ ታች ምን አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ሉሊት ሳቀችና «ካም ዊዝ ሚ፣ ማሚ!» አለቻት። ቀልዷን ነው። ሸዋዓለም ግን ለወገቧ ሕመም ብላ የሰፈሩ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ዋና ከተማረች ቆይታለች። በሳምንቱ አሌክሳንድሪያ ካለ የዳይቪንግ ሱቅ ሄዳ ኮርስ ተመዘገበች። ፈተናውን አልፋ ወረቀቱን ስታሳያት ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች። ለፌብሯሪ ግብፅ፣ ቀይ ባሕር፣ አንድ ሳምንት ተቀጣጠሩ።

«ጌጤ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ለብቻዬ ላገኛት እኮ ነው» አለችኝ። «እዚህ አገር ከገባን ወዲህ አግኝቻት አላውቅም።» እንባዋ መጣ። የኔም መጣ።

ከዚያ የመጥለቂያው ዕቃ ነገር ተነሳ። የሱቁ ሰውዬ ራሱ «ለአንድ ጉዞ ሁሉንም እዚያው ተከራዪ፤ የምትገዢው ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው ማስክ ብቻ ይሁን፣ እሱ በፊትሽ ልክ መሆን አለበት» ብሏታል። እኔም ያንኑ ነው ያልኳት። በዓመት አንዴ ለሚለበስ የሲሊንደር ማዘያ ጃኬት ምን ያንገበግባል?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችኝ።

«ለማን ልትደምቂ ነው፣ ለዓሣው?»

«ደግሞ የስንቱ አፍ ሲነክሰው የከረመ ቱቦ ነው አፌ ውስጥ የምከተው? ኧረ በማርያም! አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ቤዝመንት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ተከራይቼ አልሰጥምም!»

ሄዳ ገዛች። ጃኬቱን፣ አየር የሚሳብበትን ቱቦ፣ የእግር መቅዘፊያውን፣ ሙሉ ልብሱን። ለማስኩ በዓይኗ ቁጥር መስታወት አስገባችለት፤ መነጽሯን ካወለቀች እኔን ከበር የማትለይ ሴት ናት። ሲሊንደሩ የተረፈው ማንም ይዞት ስለማይሄድ ብቻ ነው።

ስህተቷ አንድ ነው። ሉሊት በሥራ አውሮፓ ስለነበረች እዚያው ግብፅ ሊገናኙ ተስማሙ፤ ሸዋዓለም ትኬቷን በአዲስ አበባ በኩል ቆረጠችና ሦስት ቀን አድራ እንደምታልፍ ቤተ ክርስቲያን ለአንዲት ሴት ነገረች። ለአንዲት ሴት! አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣው የራሱ እንዳልሆነ የማያውቅ ሐበሻ አለ? በሳምንቱ ሳሎኗ ውስጥ ቫይታሚን፣ የሕፃን ልብስ፣ የስኳር መለኪያ፣ ጫማ ተከመረ። እምቢ ማለት አታውቅም። እኔስ? እኔማ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ዎከር አመጣሁ፤ ተደግፈው የሚራመዱበትን ብረት። ጎማ ያለው፣ መቀመጫ ያለው፣ ሰባት ኪሎ። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አትነሳም ነበር። «አደራሽን» አልኳት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ደለስ ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሻንጣዎቹ ሚዛን ላይ ሲወጡ አሥራ አንድ ኪሎ በለጡ። በረራው ሙሉ ስለሆነ ትርፍ ሻንጣ አይገባም አሏት። ወለሉ ላይ ተንበርክከን ከፈትናቸው። የሷ ዕቃ በአንዱ፣ የኛ አደራ በሌላው። ዎከሩን አየችው። እኔም አየሁት። «የኔን ተይው» ማለት ነበረብኝ፤ ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ፣ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጃኬቱን አወጣች፣ ቱቦውን፣ መቅዘፊያውን፣ ልብሱን። «ተከራዪ ብለሽኝ አልነበር? ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» ብላ ሳቀች። ዕቃዋን መኪናዬ ላይ ጭኜ ሥራ ገባሁ።

ከሥራ ወጥቼ ዕቃውን ሳወርድ የጃኬቱ ኪስ ከበደኝ። እጄን ብሰድ ማስኩ! እንዳይሰበርባት እዚያ ሸጉጣው ኖሯል። አውሮፕላኑ ያኔ ውቅያኖሱ ላይ ነው። ሞቼ ነው ቆሜ! ዓይኗን ነው ይዤባት የቀረሁት። አዲስ አበባ ስትደርስ ደውዬ ነገርኳት። «ይሁን» አለች፤ ድምፅዋ ግን ወረደ። በማግስቱ እናቴ ዎከሩን ይዛ ግቢ ውስጥ ብቻዋን መራመዷን በስልክ ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ስትመለስ ማስኩን ይዤ ልቀበላት ሄድኩ። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል።

«አየሽ ወይ?» አልኳት።

«ምንም። በኔ ቁጥር የሚከራይ ማስክ አልነበራቸውም። ዓሣው ከድንጋዩ አይለይም፣ ሁሉም ጭጋግ ነው።»

 ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ።

«ስሚኝማ። አየሬ ስንት እንደቀረ የሚያሳየውን ጌጅ እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። ስለዚህ ሉሊት እጄን ያዘችኝ። ከገባን እስክንወጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ። ጌጄን እሷ ታይልኛለች። እጄን አንዴ ጫን ካደረገች ደህና ነሽ ወይ ማለት ነው፤ እኔም ጫን አደርጋለሁ። ከወጣን በኋላ ያየችውን ሁሉ ቁጭ ብላ ትነግረኛለች። በአማርኛ፣ ጌጤ! የዓሣው ስም ሲጠፋት ከራሷ እየፈጠረች።»

ክንዴን ሳትለቅ ቀጠለች።

«መጨረሻ እጄን የያዘችኝ መቼ መሰለሽ? እዚህ አገር የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ሳደርሳት። አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ወደ ሥራ ሮጥኩ።»

ሻንጣዋን ተቀብያት ወደ መኪናው ገፋሁት።

በዓመቱ እንደገና ለመሄድ ተነሱ። በዚህኛው ጉዞ አዲስ አበባ የለም፣ አደራ የለም፣ ሻንጣዋ ባዶ ነው። ቤቴ መጥታ ጃኬቱን፣ ቱቦውን፣ መቅዘፊያውን፣ ልብሱን አንድም ሳታስቀር ከተተች። ማስኩን አቀበልኳት። አገላብጣ አየችውና መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

«እሱን እከራያለሁ» አለች።

«አንቺ? ተከራይተሽ? ሉሊት ብትጠይቅሽስ?»

«ጌጤነሽ ጋ ቀረ እላታለሁ» አለችኝ። «አደራሽን፣ እንዳትነግሪያት።»