ሥጋ ያልነካው ድስት

ሸዋረግ የፋሲካን ዶሮ ወጥ ትሠራለች፤ ግን አትቀምሰውም። ይህ በመካነ ሰላም እንግዳ ነገር አይደለም። ወጡ የሚሠራው ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው፤ ቅቤ ገብቶበታልና ሠሪዋ በምላሷ አትነካውም። ሌሎቹ ሴቶች ጨውን በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ይገምታሉ፤ ከተሳሳቱም እሑድ ይሳቅባቸዋል። የሸዋረግ ወጥ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምሶ ነው የወጣው። ቀማሿ ጎረቤቷ ዘሊካ ነበረች።

ሸዋረግ የገበሬ ልጅ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለባሏ ለጋሹ ተድራ ወደ ከተማው ስትገባ ከሽሮና ከድንች ወጥ ሌላ አታውቅም ነበር። ዶሮ መገነጣጠልን ከአማቷ ተማረች። በኋላ የሰው ሠርግና ተዝካር ሁሉ «ሸዋረግ ትምጣ» የሚባልበት ሆነ። የራሷ ድግስ ሲሆን ግን እጇ ይፈራል። ለሰው ስትሠራ የማይጨንቃት ጨው ለቤቷ ስትሠራ ያስጨንቃታል።

ዘሊካ ሙስሊም ናት፤ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ስለዚህ ሸዋረግ ገና ጎረቤት በሆኑበት ዓመት ከገበያ አንድ የሸክላ ድስት ገዛች። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ቁሌቱ የሚሠራው በእሱ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጥ ይማሰላል፤ በርበሬው ይገባል፤ ሙቅ ውኃ ጠብ እየተደረገበት ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ከዚያ ቅቤው ይከተላል። ቀዩ ቅባት ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ዘሊካ ትጠራለች። ከተቀመሰ በኋላ ቁሌቱ ወደ ትልቁ ድስት ይገለበጣል፤ ዶሮው የሚገባው እዚያ ነው።

ዘሊካ ስትቀምስ አትቸኩልም። ጠብታውን በግራ መዳፏ ላይ ታሳርፋለች፣ ትልሳለች፣ ከዚያ ጣራ ጣራውን ታያለች።

«እህ?» ትላለች ሸዋረግ ማማሰያዋን እንደያዘች።

«ቆይ እንጂ አንቺ፤ ገና ምላሴ ላይ ነው።»

«ያ ምላስ ከሰው ወሬ ትንሽ ቢያርፍ ኖሮ ቶሎ ይለየው ነበር።»

«ወላሂ፣ ደፍቼልሽ ነው የምሄደው!»

በመጨረሻ ፍርዱ ይመጣል፤ ሁልጊዜም አንድ ነው። «ቁንጥር ጨምሪበት።»

በረመዳን ተራው ይገለበጣል። ዘሊካ ሥጋ ያልገባበትን የማፍጠሪያ የአጃ ሾርባ ስትሠራ ጨውን የምታይላት ሸዋረግ ነበረች። አንድ ሦስት ዓመት ያህል ደግሞ ረመዳን ከፋሲካ ዋዜማ ጋር ገጠመና ሁለቱም ጾመኛ ሆነው ድስቱ ላይ ቆሙ። «እንግዲህ ማን ይቅመሰው?» ብላ ሸዋረግ ሳቀች። ዘሊካ ጎንበስ ብላ እንፋሎቱን አሸተተችና «ቁንጥር ጨምሪበት» አለች።

ባለፈው መስከረም ክረምቱ እንደወጣ የዘሊካ ልጅ አብዱራህማን እናቱን ወደ ኮምቦልቻ ወሰዳት። ጉልበቷን ያማት ነበር፤ እዚያ ሐኪም ቅርብ ነው። «ለፋሲካሽ እመጣለሁ፣ ኢንሻ አላህ» ብላ ነው የተሳፈረችው። ቤቷ ተቆልፎ ቀረ። ሸዋረግ በሳምንት አንድ ቀን ግቢውን ትጠርግላት ጀመር። ዘሊካ ስትመለስ ቅጠል ላይ እንዳትረግጥ ነው።

ዘንድሮ የፋሲካው እንግዶች ከባድ ናቸው፤ የልጇ የእንዳልካቸው አማቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሻ ይመጣሉ። ሸዋረግን ያሳሰባት ግን እነሱ አልነበሩም። ዓርብ ከስግደት በፊትና ከስግደት በኋላ መናኸሪያ ሄዳ ከደሴ የገቡትን ሚኒባሶች አየች። ዘሊካ ከሁለቱም አልወረደችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቁሌቱ ደረሰ። ምራቷ የኔአለም የታጠበውን ዶሮ በሳህን ይዛ አጠገቧ ቆመች።

«እማዬ፣ ልጨምረው?»

«በዚህ ድስት አይገባም።»

«ምነው? ትልቁ እኮ እንቁላል ተቀቅሎበት ገና አልታጠበም። ይኼ ይበቃናል፤ ለምን ሁለት ድስት እናቆሽሻለን?»

ልጅቷ የገባችው ዘንድሮ ነው፤ አታውቅም። ሸዋረግም ማስረዳቱ ከበዳት። እሳቱን ቀንሳ ስልኳን አነሳች። በሦስተኛው ሙከራ ገባላት።

«ሸዋዬ! ደረሰ?» አለች ዘሊካ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ደርሷል፤ ቅባቱ ወጥቷል። አንቺ ነሽ የቀረሽው።»

ከዘሊካ በስተኋላ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ዛሬ ካልሆነልሽም የዳግም ትንሣኤ ዕለት ነይ» አለች ሸዋረግ። «ያኔም እሠራለሁ።»

«ሸዋዬ፣ ስሚኝማ። አብዱራህማን ቤቱን ሸጠው። ረቡዕ ፈረመ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው።»

ሸዋረግ ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ቁሌቱ ከጎኗ ቱክ ቱክ ይላል።

«ዶሮውን በምን ልታደርጊው ነው?» አለች ዘሊካ።

«በትልቁ ነዋ፣ እንደ ወትሮው።»

«ተይ፤ እዚያው ጨምሪው። ለኔ ብለሽ ድስት አታስቀምጪ።»

«ጨውስ?»

«እሱን ራስሽ እዪው እንግዲህ። ከኮምቦልቻ በምን ምላሴ ልድረስበት?» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ሸዋረግ ሳህኑን ከምራቷ እጅ ተቀበለች። መጀመሪያ ያነሳችው ቅልጥሙን ነበር። እጇ ከድስቱ በላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ለቀቀችው። የቀሩትን አሥራ አንዱን ብልት ግን ሳትቆም ጨመረች። ጨዉን በሦስት ጣቷ አንስታ በተነችበት። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረችም።

እሑድ እንግዶቹ ከበው ተቀመጡ። የየኔአለም እናት ገና በመጀመሪያው ጉርሻ «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ሸዋረግ ሁሉም ከያዘ በኋላ ቆርሳ ቀመሰች። ጨዉ ልክ ነው። አላነሰም፣ አልበዛም። እንዲያንስ ፈልጋ እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ስልኩ ጠራ።

«እንኳን አደረሰሽ! እንዴት ሆነ?»

«ጨው አነሰው» አለች ሸዋረግ።

ባሏ ጋሹ እንቁላሉን ለሁለት እየከፈለ ቀና አለ። «ምኑን ነው ያነሰው?»

በእጇ ዝም አሰኘችውና ወደ ደጅ ወጣች።

«ብያለሁ!» አለች ዘሊካ፤ ድምጿ ከትናንቱ ደመቅ ብሏል። «እኔ ሳላይልሽ መቼ ሆኖልሽ ያውቃል? እንግዶቹ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፤ አፍረው ይበላሉ። ሽንኩርቱም ሳይበስል ቀረብኝ።»

«አንቺ ሴትዮ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ እሳቱን ቀንሺ እያልኩ!»

«በርበሬውም አረረ መሰለኝ» አለች ሸዋረግ። በርበሬው አላረረም። ዘሊካ መቆጣቷን ቀጠለች፤ ሸዋረግም ግድግዳውን ተደግፋ፣ ኔትወርኩ እስኪቆርጣቸው ድረስ፣ ያልሠራችውን ጥፋት እየፈለገች አንድ በአንድ ነገረቻት።