ዶሮ ብቻ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ የራሴ ዝምታ ስላንገሸገሸኝ ነው።

አሳማ አርቢ ነበርኩ። ከሐዋሳ ዳር፣ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዲያ በተከራየሁት ቦታ፣ ከከተማው ፒያሳ ሆቴሎች በምሰበስበው ትራፊ ምግብ እቀልባቸው ነበር። ለጎረቤቶቼ ግን ዶሮ አረባለሁ አልኳቸው። አሳማ ብል ክርስቲያኑስ ሙስሊሙስ ቤቴ ገብቶ ውኃ ይጠጣል? ልጆቼን ውሸት ነውር ነው እያልኩ የምገርፍ እኔ!

አንድ ክረምት አሳማዎቹ ማሳል ጀመሩ። እነሱን በመቀለብ የምታግዘኝን ልጄን ቤዛንም ትኩሳትና ሳል ያዛት። ትምህርት ቤት ባልገባም አንብቤ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የአሳማ ጉንፋን ወደ ሰው ሊተላለፍ፣ ቫይረሱም አሳማው ውስጥ ተለውጦ ሊወጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። ምን ብዬ ላመካኝ? አውቅ ነበር!

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አብረውን መጡ። ነርሷ፣ «ልጅቷ የምትነካካው እንስሳ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ዶሮ ብቻ» አልኩ።

ቤዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ ግን ምንም አላለችም። አዋቂ ሲናገር ልጅ አፉን ይዝጋ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ እማማ በየቀኑ እየመጡ ይጠይቋት ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጇን ይዘው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ያደከማት ስብከትህ ነው!» ይሉኛል። እኔ እስቃለሁ። አይጠጓት ማለት እንዴት ያቅተኛል? ለምን ብለው እንዳይጠይቁኝ ነዋ!

ቤዛ ዳነች። እማማ ማሳል ጀመሩ፤ ተኝተው አልተነሱም።

ከአሳማዎቼ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ይህቺን ሰበብ ስንት ጊዜ ይዣት ተኛሁ፤ አሁን ታስጠላኛለች። ያልታወቀውኮ እኔ እንዳይታወቅ ስላደረግኩ ነው።

በቀብራቸው ቀን አስከሬናቸውን ተሸክሜያለሁ። ልጃቸው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «እርስዎ እኮ ለእናቴ እንደ ወንድም ነበሩ» ይለኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን እቀበላለሁ። ቤዛ አጠገቤ ካለች አሁንም ዝም ትላለች።

የእማማ ልጅ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ካነበብክ ይቅር በለኝ አልልህም። ነርሷ ላቀረበችው ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ አሳማ። ያስሉ ነበር።